ቤዝ ጊታር በጆሮ ወይስ በኖታ? ሁዳዴ ሳያልቅ ምክር እፈልጋለሁ

አዘዞ_ቤዝ
እሑድ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል ግን ልንገራችሁ።

ቤዝ ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ያስተማረኝ የለም። ከስልክ እየሰማሁ፣ ከሰው እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት። እዚሁ ጎንደር የጥር ሰርግ ላይ ሲጠሩኝ አንድም ቀን አላሳፈርኩም። ኪቦርዱ ዘፈኑን ሲጀምር፣ ዘፈኑን ባላውቀውም፣ በሁለተኛው ዙር ገብቼ እገኛለሁ።

ባለፈው ሰሞን ግን ለቀረጻ ተጠራሁ። ቤዜን ጠርጌ፣ አዲስ ክር አድርጌ ሄድኩ። ስገባ ወንበሬ ፊት ሦስት ወረቀት ተዘርግቷል። ኖታ። አቀናባሪው "ከ17ኛው ባር እንነሳ" አለ፤ ባር የሚሉት ዘፈኑ በእኩል ምት የተከፋፈለበትን ክፍል ነው። ሁሉም ገጽ ገለጠ። እኔም ገለጥኩ፤ የት እንደገለጥኩ ግን እግዜር ይወቀው። ድራም የሚመታው ልጅ አዝኖልኝ በዱላው ጫፍ ቦታውን ጠቆመኝ። ቦታውን ባውቀው ምን ይረባኛል፣ እዚያ ላይ ያለው ነገር ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። "አንዴ አሰሙኝ" አልኩ። ኪቦርዱ መታልኝ፣ ወዲያው ያዝኩት፣ ተጫወትኩ። አቀናባሪው በትሕትና "በጣም ጥሩ ነው፤ ግን የተጻፈው ይሄ አይደለም" አለኝ። ኩም አልኩ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። በማግስቱ ሌላ ሰው ጠሩ።

አሁን ጾም ነው፣ ሥራ የለም። እስከ ፋሲካ ጊዜ አለኝ። ጥያቄዬ፦ ኖታ ልጀምር ወይስ ጆሮዬን ይበልጥ ላበርታ? አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ "ኖታ ከጀመርክ ጆሮህ ይሞታል" ብሎ አስፈራርቶኛል። እውነት ነው?

የማሲንቆ_ጭራ
እሑድ፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ አይዞህ፣ ያንተ ዓይነት ቀን ያላለፈበት ቤዝ ተጫዋች የለም።

እኔ የባህል ምሽት ቤት ነው የምጫወተው። ከማሲንቆ ጋር። አሁን እዚህ ቤት ወረቀት አምጥተህ ምን ታደርጋለህ? ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ፍሬት (የጊታር አንገት ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) የለውም፤ ባለቤቱ የሚቃኘው በቱነር ሳይሆን በጉሮሮው ነው። ጉንፋን ከያዘው ዝቅ ያደርጋታል። አንድ ቅዳሜ ኤፍ በሚባለው ድምፅ ገባሁ፣ አስጠላ። ኢ ብዬ ገባሁ፣ ባሰ። ለካ መሃላቸው ላይ ነው የቃኘው። ቱነሬ አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ ይላል። ሰውዬው እየዘፈነ ነው፣ ግጥም እየተቀባበለ ነው፣ እንግዳው ዳሽኑን ይዞ እያየኝ ነው። ምን አደረግሁ? የታችኛዋን ክር በጆሮዬ ወደ እሱ ሳብኳት፣ ሌሎቹን በእሷ ላይ አስተካከልኩ። ክሩን ሳትጫን ነካ ብቻ አድርገህ፣ በወፍራሙ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ ከቀጣዩ ክር 7ኛ ፍሬት ጋር አመሳስለህ፣ ውው ውው የሚለው መንቀጥቀጥ እስኪጠፋ ትስባለህ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ወረቀት አያስተምርህም። ኖታ አትማር አላልኩም። ጆሮህን ግን ማንም እንዲንቅብህ አትፍቀድ።

ጎራው
እሑድ፣ ማታ 3፡22

የቢትልሱ ቤዝ ተጫዋች ፖል ማካርትኒ ኖታ አያነብም። ጨረስኩ።

ሩብ_ኖታ
እሑድ፣ ማታ 4፡05

@ጎራው ልክ ነህ፣ አያነብም። ጄምስ ጄመርሰን ደግሞ ያነብ ነበር፤ ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ዘፈኖች ላይ ያንን ሁሉ ቤዝ በአንዲት ጠቋሚ ጣት የመታው ሰውዬ። ስለዚህ አንድ ለአንድ ወጣን። ስም በመጥራት የሚያልቅ ክርክር አይደለም።

@አዘዞ_ቤዝ ልጆች አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልተንትንልህ፤ ረዘመች ብለህ አትዝለላት።

መጀመሪያ ፍርሃትህን እናንሳ። "ጆሮ ይሞታል" ውሸት ነው። ጆሮ የሚሞተው ሳይሰሙ ሲያነቡ ነው። አንዳንድ ተማሪ ጣቱን ከወረቀቱ ጋር አገናኝቶ መሃል ላይ ያለውን ጆሮ ይዘለዋል። አንተ በተቃራኒው ነህ፤ ድምፁ ቀድሞ ጭንቅላትህ ውስጥ አለ። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አምስት መስመር ነው። መጀመሪያው ላይ እንደ ጆሮ የተጠመዘዘ ምልክት አለ፣ ከጎኑ ሁለት ነጥብ። ሁለቱ ነጥቦች የሚያቅፉት መስመር ኤፍ ነው። ቤዝ ክሌፍ የሚባለው ይሄ ነው፣ ኤፍ ክሌፍም ይሉታል። ሌላውን ሁሉ አትሸምድድ። አራቱን ባዶ ክሮችህን ብቻ አስቀምጥበት። ኢ ከአምስቱ መስመሮች በታች በተጨመረች አንዲት አጭር መስመር ላይ ትቀመጣለች። ኤ ከታች በመጀመሪያው ክፍተት። ዲ ልክ መሃለኛው መስመር ላይ። ጂ ከላይ በመጨረሻው ክፍተት። አራት ምሰሶ ተከልክ ማለት ነው፤ ሌላውን ከእነሱ እየቆጠርክ ታገኘዋለህ፣ በሁለት ሳምንት መቁጠሩን ትተዋለህ።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልንገርህ፣ በኋላ ፒያኖ ላይ ስትሞክረው እንዳትደነግጥ። የቤዝ ጊታር ኖታ የሚጻፈው ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ (እስከሚቀጥለው የዚያው ስም ድምፅ) ከፍ ተደርጎ ነው። በእውነተኛ ቦታው ቢጻፍ ከመስመሮቹ በታች መሰላል ተደርድሮ ማንበብ ያስጠላ ነበር።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ በድምፁ ስም አትጀምር። በምቱ ጀምር። 17ኛው ባር ላይ የጠፋህ ኤፍ የት እንዳለ ስላላወቅክ አይመስለኝም። ባር ስላልቆጠርክ ነው። ቤዙን አስቀምጥ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ በአንድ እጅህ ምቱን ጠብቅ፣ በሌላው የተጻፈውን አጨብጭብ። በቀን 20 ደቂቃ። ይበቃል።

አዘዞ_ቤዝ
እሑድ፣ ማታ 4፡30

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አራቱን ምሰሶ አሁኑኑ ደብተር ላይ ሠራኋቸው። የስድስት ዓመት ጉድ በአራት ነጥብ ሲጀመር ግን ትንሽ ያናድዳል።

ሩብ_ኖታ
እሑድ፣ ማታ 4፡33

"እትዬ" ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ያን ያህል አላረጀሁም።

ማራኪ_ግቢ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡50

ለምን ታብ አይጠቀምም? እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ በታብ ነው የተማርኩት። አራት መስመር፣ ላዩ ላይ የፍሬት ቁጥር፣ አለቀ። ክሌፍ የለ፣ ምሰሶ የለ።

የማሲንቆ_ጭራ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ታብ መቼ እንደምትመታ አይነግርህም እኮ። ዘፈኑን ቀድመህ ካልሰማኸው ታብ የስልክ ቁጥር ነው።

ሩብ_ኖታ
ሰኞ፣ ቀን 7፡00

ታብን አልጠላውም። ኖታ የማይነግርህን አንድ ነገር ይነግርሃል፦ የት እንደምትይዝ። ባዶው ጂ ክር የሚያወጣውን ድምፅ ዲ ክር ላይ 5ኛ ፍሬት፣ ኤ ክር ላይ 10ኛው፣ ኢ ክር ላይ 15ኛው ላይም ታገኘዋለህ። ወረቀቱ ላይ አራቱም አንድ ነጥብ ናቸው። የትኛውን እንደምትመርጥ የሚነግርህ የድምፁ ውፍረትና ቀጥሎ የምትሄድበት ቦታ ነው። ለአቀናባሪ ግን በታብ አትመልስለትም። "17ኛው ባር" ሲልህ "12ኛው ፍሬት" ልትለው ነው?

የድሮ_ባንድ
ሰኞ፣ ማታ 1፡30

ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ልጄ ናት ይሄን ስልክ የከፈተችልኝ፣ ፊደል ብገድፍ ታገሱኝ።

በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ቤዝ እመታ ነበር። እኛ የተማርነው ከካሴት ነው። የዋልያስ ባንዱን መላኬ ገብሬን፣ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን አንድ መስመር ለመያዝ ስንት ሌሊት። ወደ ኋላ መመለሻው ባትሪ ስለሚጨርስ ካሴቱን አውጥተን በእስክሪብቶ ነበር የምናጠነጥነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ዘፈን ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ያዝኩ። ልምምድ ላይ ስመታው ከባንዱ ጋር አልገጥም አለ። እነሱ ኢ ላይ ናቸው፣ እኔ ኢ ፍላት። ጆሮህ ደነቆረ አሉኝ። ጆሮዬስ ልክ ነበር። የቴፑ ባትሪ ደክሞ ካሴቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ዘፈኑ ሁሉ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ኖሯል። እኔ የያዝኩት የደከመ ባትሪ ቅኝት ነው። ወረቀት ላይ ቢሆን ኢ ኢ ነው፣ ባትሪ አያወርደውም። ያኔ ነው ኖታ ልማር ያልኩት። የአንድ ክላሪኔት ተጫዋች እግር ሥር ቁጭ ብዬ ተማርኩ። አልፈጠንኩም። ግን አነበብኩ።

አዘዞ_ቤዝ
ሰኞ፣ ማታ 1፡48

ጋሼ ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እኔም ከስልክ ስሰማ ቤዙ በደንብ አይሰማኝም፣ የጆሮዬ ችግር እየመሰለኝ ነበር። እንዲያው በግምት የምይዘው ብዙ ነው።

የማሲንቆ_ጭራ
ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ግምት መሆኑንማ ስልኩ ራሱ ያረጋግጥልሃል። ባዶው ኢ ክርህ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። አንተ የምትሰማው ከላዩ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው፣ ጆሮህ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ደህና ማዳመጫ አድርግ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልምምድ እንዳታቆም። የቤዙን የራስ ጫፍ፣ መቃኛ ቁልፎቹ ያሉበትን፣ የእንጨት ቁም ሳጥን ላይ አስደግፈህ ምታ። ሳጥኑ ሁሉ ይዘምርልሃል። እናቴ ልብስ ልታወጣ መጥታ "ውስጡ ማን አለ?" ብላ ደንግጣ ታውቃለች።

ደቀመዝሙር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡40

እኔ ጊታር ነክቼ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ነው የሚጫወተው፤ ይሄን ውይይት እሱ አሳየኝ። ግን "በጆሮ ወይስ በጽሑፍ" የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

የድጓ ተማሪ ነበርኩ፣ ጋይንት፣ ቤተልሔም። ድጓ ላይም ምልክት አለ። ከቃሉ በላይ በትንንሽ የሚጻፉት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ከሌላ ዜማ ተቆንጥረው የመጡ አጫጭር ፊደሎች አሉ፤ ፊደሏን ስታይ "ይሄ እንደ እዚያኛው ነው የሚዜመው" ማለቷ ነው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያችን ፊደል ያየ ሰው "እዚያኛውን" ቀድሞ በቃሉ ካልያዘ ፊደሏ ምንም አትለውም። ስለዚህ የኔታ መጽሐፍ ከማስያዛቸው በፊት አፍ አፋችንን እያዩ ያስቀጽሉን ነበር። እሳቸው ይላሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ስንስት ደግሞ ከአናቱ።

የእናንተ ኖታ ከዚህ የሚለየው ያልተሰማውንም ዜማ መናገር ስለሚችል ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

ሩብ_ኖታ
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

ልክ ነህ። ግን ግማሹን ነው የሚናገረው። ቁመቱንና ርዝመቱን ይነግርሃል። የችክችካን ጣዕም ግን የትም አልጻፈውም። ሰምቶት የማያውቅ ሰው ያንኑ ወረቀት በትክክል ያነበውና ሰርጉ ላይ አንድም ትከሻ አይነቃነቅም። የእናንተን ነገር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ጎራው
ማክሰኞ፣ ቀን 6፡31

እና ለቅኝቶቻችን ኖታ ይሠራል እንዴ? ትዝታን በፈረንጅ መስመር?

የድሮ_ባንድ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10

ይሠራል ልጄ። ይልቅ አንድ ነገር ላሳይህ፣ እኔን ወረቀቱ ያዳነኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉንም ከሲ ጀምረህ ጻፋቸው። ትዝታ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ባቲ፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ትዝታና ባቲ ሌላ መልክም አላቸው፣ ለአሁኑ ይቆይ።

አሁን እያቸው። ቤዝ ተጫዋች ምን ለመደ? መነሻውንና አምስተኛውን። ሲ - ጂ፣ ሲ - ጂ። እጁ ሳያስበው ይሄዳል። ኤ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ሲ፣ ዲ ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ጂ። በትዝታ ይገጥማል። በባቲ ይገጥማል። በአምባሰል ይገጥማል። አንቺሆዬ ላይ ግን ጂ የለም! ያለው ጂ ፍላት ነው፣ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ። ዘፋኟ እዚያ ላይ ስታርፍ አንተ 5ኛው ፍሬት ላይ ከቆምክ ድምፃችሁ ይፋጃል።

እኔ ይሄንን ሳላውቅ ዓመት ሙሉ አንቺሆዬ ስመታ ዘፋኟ ዘወር ብላ ታየኝ ነበር። አተያየቷ የፍቅር መስሎኝ ነበር። አራቱን ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው ነው የገባኝ።

የማሲንቆ_ጭራ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡25

ጋሼ ገደሉኝ 😂 የፍቅር!

እኔስ? አንቺሆዬ ሲመጣ ሁልጊዜ መነሻው ላይ ብቻ ቆሜ ነበር የምመታው። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ጆሮዬ "ወደዚያ አትሂድ" ስለሚለኝ ብቻ። ምክንያቱን ዛሬ ሰማሁ። አራተኛው ኤፍ ዲ ክር ላይ 3ኛው ፍሬት ነው አይደል? ዛሬ ማታ በእሱ እሞክራለሁ።

የድሮ_ባንድ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

እሱ ነው። ሞክረው። ዘፋኟ ካየችህ ንገረኝ።

አዘዞ_ቤዝ
ሐሙስ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፣ ማታ 3፡00

ጠፍቼ አልነበረም፣ እያጨበጨብኩ ነበር። ጎረቤት ነካ አደረገው እንዴ እያለኝ ነው።

ትናንት ማታ ሌላ ነገር ሞከርኩ። የሌላ ሰው ወረቀት ከማነብ የራሴን ልጻፍ አልኩ። ሰርግ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የምመታት አንዲት መስመር አለች፣ አራት ባር። እሷን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሦስት ሰዓት ለአራት ባር! ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ሁልጊዜ "አንድ" ላይ የምጀምር ይመስለኝ የነበረው ድምፅ አንድ ላይ አይደለም። ከፊቱ ነው፣ ስድስተኛው ላይ ገብቶ አንድን ተሻግሮ ይቆያል። ስድስት ዓመት የተጫወትኩትን ነገር የማውቀው መስሎኝ ነበር።

አሁን ጥያቄ። የምቱን ቁጥር የጻፍኩት ሦስት-አራት ብዬ ነው፣ ባሩ ውስጥ ስድስት ስምንተኛ ኖታ ስለገባልኝ። ሳየው ግን ልክ አይመስለኝም።

ሩብ_ኖታ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ጎበዝ!! አለመምሰሉ ጆሮህ ነው፣ እመነው።

ሁለቱም ስድስት ስምንተኛ ይይዛሉ። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። ሁለት ሁለት አድርገህ ሦስት ቦታ ከሰበሰብካቸው ሦስት-አራት ነው። ሦስት ሦስት አድርገህ ሁለት ቦታ ከሰበሰብካቸው ስድስት-ስምንት። ችክችካ ሁለተኛው ነው። ትከሻ በአንድ ባር ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ቁጠር።

አዘዞ_ቤዝ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡55

እህቴን ለምኜ ያለ ሙዚቃ እስክስታ አስመታኋት። "በሁዳዴ ምን ሆነሃል?" ብላ ተቆጣች፣ ግን መታች። ሁለት ጊዜ ነው። ስድስት-ስምንት ብዬ አስተካክዬዋለሁ። ፎቶውን ይኸው ለጥፌዋለሁ፣ እጅ ጽሑፌን አትሳቁበት።

የድሮ_ባንድ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡10

ከእኔ የመጀመሪያ ወረቀት ይሻላል። የእኔ ጭራው ሁሉ ወደ ተሳሳተ ጎን ነበር።

ሩብ_ኖታ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡18

አየሁት። ሦስቱ ባሮች ልክ ናቸው። አንድን ተሻግሮ የሚቆየውን ድምፅ በቅስት ማያያዝህ አስደስቶኛል፣ ማን ነገረህ? አራተኛውን ባር ግን ቁጠረው።

አዘዞ_ቤዝ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡21

ቆጠርኩ። ስድስት ነው።

ሩብ_ኖታ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡22

እያጨበጨብክ ቁጠረው።

አዘዞ_ቤዝ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡29

ሰባት ነው። ላጲስ የለኝም፣ ሱቅ ሳይዘጋ ልሩጥ።